ለበረዶ መላሹ ስመሰክር

ይህ የገጠመኝ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው፤ ከዳባት ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ። ትዝ ባለኝ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሰው አድናለሁ ብዬ የባሰ ጎዳሁት።

ቤት አጥቼ ስንከራተት ያስጠጉኝ መሪጌታ ጥሩነህ ነበሩ። ባካባቢው በረዶ መላሽ ናቸው። ደመናው ሲጠቁር ደጅ ወጥተው በረዶው ማሳውን እንዳይመታ ይደግማሉ፤ አገሬውም ለዚሁ በየአዝመራው ገብስ ይሰጣቸዋል። እኔ አላምንበትም። ግን እንጀራቸውን እየበላሁ ምን አባቴ ልበል?

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ፣ ገብሱ እሸት ሲደርስ፣ በረዶ ወርዶ ማሳውን ከመሬት ለጠፈው። ወዲያው "መሪጌታ ከማዶው ቀበሌ ሰዎች ጋር ተማክረው በረዶውን ወደኛ መለሱት" ተባለ። ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ተሰበሰቡ። ከአገር ይውጡ ሊሉ ነው።

አላስችል ብሎኝ ተነሣሁ። "የአየር ንብረቱ ተለውጧል" አልኩ። "በየአገሩ ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ጭስ ዓለሙን አሙቆታል። ዝናቡም በረዶውም ልማዱን ስቷል። በረዶን ሰው አያመጣውም፤ ሰውም አይመልሰውም።"

አንዱ "የፈረንጅ ጭስ የኛን ገብስ ለይቶ የሚመታ ከሆነ፣ የማዶውንስ ምነው ዘለለው?" ብሎ አሳቀብኝ።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ወደ መሪጌታ ዞረው "ይህ ልጅ ያለው እውነት ከሆነ እርስዎ ነፃ ነዎት። እውነት ነው?" አሏቸው።

"አዎ" ቢሉ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ልጁ የተማረውን ተናገረ። በረዶ ግን በጸሎቴ ሲመለስ ኖሯል። ዘንድሮ ያጠፋሁ እኔው ነኝ።"

ከአገር ይውጡ ተባለ። በማግሥቱ አህያቸውን ሲጭኑ አጠገባቸው ቆሜ ተቆጣሁ። "ምነው መሪጌታ፣ በገዛ እጅዎ?"

"ታዲያ ሠላሳ ዓመት የሰው ገብስ በከንቱ በላሁ ልበል?" አሉኝ። "አታላይ ከመባል ጥፋተኛ መባል ይሻለኛል። አንተ ግን ልጄ፣ ምን በደልሁህና በአገር ፊት ዕራቁቴን አስቀረኸኝ?"



በዓመቱ በረዶው እንደገና መታን፤ መሪጌታ በሌሉበት። አሁንስ ይሰሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌዎቹ ግን ከበየዳ ሌላ በረዶ መላሽ አስመጡ። ጽሕፈቱ ያምራል ብለው ከእሱ ጋር የሚዋዋሉትን ውል እንድጽፍ የጠሩት እኔን ነው። እምቢ ለማለት ወኔው አልነበረኝም፤ በዚህም እስከ ዛሬ አፍራለሁ። "በረዶ ቢወርድ ከአገር ይውጣ" የምትለዋንም መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ።