እናቴ ከሞተች በኋላ የላከችልኝ በሶ

መጀመሪያ የደነዘዘው ከንፈሬ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ልብስ ስፌት ቤቴ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እየዘመዘምኩ ስልኬ ጠራ። የደወለችው ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ነበረች፤ የምትኖረው አንኮበር፣ ከጎረቤላ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከአባታችን ጋር ነው። ስሟን ሳየው ከንፈሬ ደነዘዘ። ቀጥሎ ጣቶቼ። ቀጥሎ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ደረሰች። እንደምንም አነሳሁት።

«ሁላችንም ደህና ነን» አለችኝ። ከወንበሬ ወደቅሁ።

አትሳቁብኝ። ሰው ሞት ሲነገረው ይወድቃል እንጂ «ደህና ነን» ሲባል ይወድቃል እንዴ? እኔ ግን ምክንያት ነበረኝ። ይህንን የምጽፈው ስልክ ሲጠራ እንደ እኔ ለሚንቀጠቀጡት ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ልጄን ማህሌትን አርግዤ ሳለሁ የደም ግፊቴ ወጣ። ሐኪሙ ፕሪ-ኤክላምፕሲያ፣ ከእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ነው አለና «ተኝተሽ፣ ሳትደነግጪ ትቆያለሽ» ብሎ አዘዘኝ። «ሳትደነግጪ» የምትለዋን ቃል ቤተሰቤ ከሐኪሙም በላይ አጥብቆ ያዛት። በዚያው ሰሞን እናቴን አንኮበር ላይ ስትሮክ መታት። ሞተች። ተቀበረች። ለእኔ አልተነገረኝም።

እትዬ አስካለ ልትጠይቀኝ ትመጣ ነበር። ጥቁሯን መናኸሪያ ላይ አውልቃ፣ ነጭ ለብሳ እንደምትገባ ያወቅሁት ኋላ ነው። «እማዬስ?» ስላት «ደህና ናት፣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ። ይኸው በሶ ላከችልሽ» ትለኛለች። እኔም በሶውን በማር እየለወስኩ «እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ዕድሜሽ ይርዘም» እያልኩ እበላለሁ። ባሌ ደረጀ ይሄን ሲሰማ ፊቱን አዙሮ ይወጣል። ጎረቤቱ ያውቃል፣ ዕድሩ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ማህሌት ክርስትና ከተነሳች በኋላ፣ ጎህ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ግቢው ሰው ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሳለች። የሚነግረኝ አላስፈለገም። ጮህኩ። እነሱም አለቀሱ፣ ግን የእነሱ ልቅሶ ያለቀ ልቅሶ ነበር። እርማቸውን ቀድመው አውጥተዋል። እኔ እያለቀስኩ የማስበው ስለ በሶው ነው። ማን ነው የላከልኝ? ማንን ነው ዕድሜሽ ይርዘም ያልኩት?

አልፈርድባቸውም። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። አልቅሼ፣ ተጽናንቼ፣ ልጄን ማሳደግ ያዝኩ። ዳነ ያልኩት ነገር ግን ውስጥ ውስጡን ሲያመረቅዝ ኖሮ፣ ማህሌት ትምህርት ቤት የገባች ዓመት፣ በዚያ «ደህና ነን» በሚለው ስልክ ፈነዳ።

ደረጀ አይሱዙ ይነዳል፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል እየወረደ ቆላ ለቆላ ጭነት ያመላልሳል። ደውዬ «ደህና ነኝ» ሲለኝ አላምነውም። ሌላ ሰው የእሱን ድምፅ አስመስሎ የሚያወራኝ ይመስለኛል። ስለዚህ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ዘግቼ ወዲያው መልሼ እደውላለሁ። ሰው ቤቴ ሲመጣ ከሰላምታው በፊት የለበሰውን አያለሁ። ማህሌት ስትተኛ አፍንጫዋ ሥር እጄን አደርጋለሁ። ትንፋሿ ይሰማኛል። እሱንም አላምነውም።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ልቤን በኢሲጂ አዩኝ፣ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ አደረጉልኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «ልብሽ ጤነኛ ነው። ፓኒክ አታክ ይባላል፣ ከጭንቀት ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ደብቆኝ ነው ብዬ ያንኑ ወረቀት ይዤ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ! እዚያም ያንኑ አሉኝ፤ የሥነ ልቦና አማካሪ ብታናግሪ ብለው ጨመሩበት። እብድ ነሽ እንዳሉኝ ቆጥሬ አኩርፌ ወጣሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ደረጀ መኪናውን ሳያስነሳ በሩ ላይ ቆመ።

«ቁልቁለት ላይ ነኝ እያልኩሽ ትደውያለሽ» አለኝ። «ባላነሳው ታብጃለሽ። ሳነሳው ደግሞ ባለፈው ገደሉ ጫፍ ደርሼ ነው የተመለስኩት። የሺ፣ አንድ ቀን ያንቺን ስልክ ላነሳ ስል ነው የምሞተው።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። በፍርሃቴ ባሌን እየገደልኩት ነበር። በዚያው ሳምንት አማካሪ ፍለጋ ወጣሁ።

የአቶ ይልማ ቢሮ ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ፣ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ሁሉ የቀለም ሽታ ነው። የግል አማካሪ ጋ ምን እንደሚጠብቀኝ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አልጋ ላይ አስተኝቶ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ኧረ የምን አልጋ! ሁለት ወንበር፣ ውሃ፣ ሶፍት። የምነግረው ምስጢር እንደሆነ፣ ራሴን ወይም ሌላ ሰው ልጎዳ እንደሆነ ከሰጋ ግን ዝም እንደማይል፣ ያን ጊዜም አስቀድሞ እንደሚነግረኝ አስረዳኝ። መድኃኒት እንደማያዝ፣ ካስፈለገኝ ወደ ሳይካትሪስት እንደሚልከኝ ነገረኝ። ጠበል እሄዳለሁ ብዬ ፈራ ተባ ስል «ከዚህ ጋር አይጣላም» አለኝ።

የእሱ አሠራር የተቀናጀ ምክክር ይባላል። አንዱን ዘዴ ብቻ ሙጥኝ አይልም፤ የዛሬውን ጭንቀት ለማስታገስ አንዱን፣ የድሮውን ቁስል ለመንካት ሌላውን ይጠቀማል፣ ሲያስፈልግም ቤተሰብ ይጠራል። «እንዲያውስ ለቡሉኮና ለሐር አንድ መርፌ አይሆንም» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ትንሽ ወደድኩት።

በመጀመሪያ ያስተማረኝ መተንፈስ ነው፤ ከምስበው ትንፋሽ የማወጣው እንዲረዝም። እንደ ቀልድ ያየሁት ነገር ከንፈሬ ሲደነዝዝ ደረሰልኝ። ቀጥሎ ሐሳቤን ይፈትነኝ ጀመር።

«ባለቤትዎ ስልክ ካላነሱ ምን ሆነው ሊሆን ይችላል?»

«ሞቷል።»

«ሌላስ?»

«ሞቶ ደብቀውኛል።»

«ሌላስ፣ ወይዘሮ የሺ?»

ደረጀ በሩ ላይ ቆሞ ያለኝ ትዝ አለኝ። «ቁልቁለት ላይ ነው» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጀ ደብረ ሲና ደርሶ እሱ ራሱ እስኪደውል ልጠብቅ ተስማማን። የመጀመሪያው ቀን ሲኦል ነበር። ስድስት ሱሪ ላይ እጅጌ ገጥሜ አበላሽቻለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥታ መስመር ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ስለ እናቴ ማውራት ስጀምር ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም፤ ቤቴ ስገባ በሶ በሶ ይሸተኛል። አንድ ቀን ደግሞ ከፋኝና ስንሰቀሰቅ አቶ ይልማ «አይዞዎት፣ ሁሉም ደህና ይሆናል» አለኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። በሌላ ጊዜ ተመልሼ «ይህን ቃል አትበለኝ» ስለው፣ «ልክ ነዎት፤ እኔም እንደ እነሱ ላጽናናዎት ቸኮልኩ። ይቅርታ» አለ። በሕይወቴ ስላጽናናኝ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። እሱን ማመን የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የጣሳውን ነገር የነገርኩት። እትዬ ካመጣችው በሶ የተረፈውን በወተት ጣሳ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር። ነቅዟል። መጣል አልቻልኩም፤ መክፈትም አልቻልኩም። «ጣሳውንም እህትዎንም ያምጧቸው» አለኝ።

እትዬ አስካለ ከአንኮበር መጣች። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አቶ ይልማ ቀድሞ ደንብ አወጣ፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ማጽናናት የለም፣ የሆነው ብቻ ይነገራል አለ። እትዬ ጣሳውን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ያስፈጨሁት እኔ ነኝ» አለች። «ገብሱን ግን የሸከሸከችውም የቆላችውም እሷ ናት። ከመታመሟ በፊት፣ ላንቺ ብላ፣ ስልቻ ሙሉ ቆልታ አስቀምጣው ነበር።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላመንኳትም። ይሄ ደግሞ አዲሱ ማጽናኛ ነው አልኩ በሆዴ።

«ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሻት፣ እትዬ?»

እንባዋ ወረደ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እንግዲያው ሌላውንም ስሚው። አንደበቷ ተይዞ ነበር። 'የሺ' የምትለዋ ብቻ ነበር የምትወጣላት። በር ኮሽ ባለ ቁጥር 'የሺ' ትላለች። እኛም 'መንገድ ላይ ናት' አልናት። በሩን እያየች ሞተች። ካንቺ በፊት የዋሸነው እሷን ነው።»

ይህንን ለማጽናኛ ብሎ የሚፈጥር ሰው የለም።

ስለዚህ ስለ ገብሱም አመንኳት። ጮህኩ። ሁለታችንም ተቃቅፈን ጮህን። ከታች ያለው ቀለም ሻጭ «ምን ሆናችሁ?» እያለ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። የእናቴ እርም የወጣልኝ ያን ቀን ነው፤ ቀለም በሚሸት ክፍል ውስጥ፣ ከእህቴ ጋር።

ከመለያየታችን በፊት ቃል ተገባባን፤ ክፉ ወሬ ካለ በዕለቱ፣ እንዳለ ይነገረኛል። ከወራት በኋላ ማሽኔ ላይ ሳለሁ እትዬ ደወለች። «የሺ፣ አባባ ወድቀዋል። ዳሌያቸው ሳይሰበር አይቀርም፣ በጣም ያማቸዋል። ይዘናቸው ወደ አንቺ እየመጣን ነው» አለችኝ። ከንፈሬን ዳሰስኩት። አልደነዘዘም። ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቄ ሳያቸው ነገሩ ልክ እንደተባለው ነበር፤ ወድቀዋል፣ ያማቸዋል፣ ይተነፍሳሉ። አባቷ ዳሌው ተሰብሮ እፎይ ያለች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በማግስቱ ደረጀ ከደብረ ሲና ደውሎ «ደህና ነኝ» ሲለኝ «እሺ» ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። እሱ ነው ግራ የገባው፤ «በቃ? ሌላ አትጠይቂኝም?» እያለ በስልክ ይስቃል።

ከአማካሪ ጋር መሥራት ለምትጀምሩ የምለው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢብስባችሁ አትሽሹ። ያስከፋችሁን ነገር ለአማካሪያችሁ በፊቱ ንገሩት፤ የሚሰማችሁ ካልሆነ ሌላ መፈለግ ነውር አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔን ግን ያሳመመኝ ሌሎች የደበቁኝ ነው። ሰው ስትወዱ እውነቱን ንገሩት፤ አብራችሁት ተቀመጡና ንገሩት። አቶ ይልማን፣ ገደል ጫፍ ደርሶ የተመለሰልኝን ደረጀን፣ ከሁሉም በላይ ያቺን ከባድ ነገር ደፍራ የተናገረችልኝን እህቴን እግዜር ይስጥልኝ።

ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም በር ኮሽ ሲል እናቴ አንገቷን ቀና ስታደርግ ይታየኛል። ይህ የሚለቀኝ አይመስለኝም። ባለፈው ጣሳውን ይዤ አንኮበር ወጣሁና መቃብሯ አጠገብ ያለው ሣር ላይ በሶውን አፈሰስኩት። ጉም ነበር። ቁጭ አልኩና «እማዬ፣ መጣሁ» አልኳት። «አልዋሹሽም። መንገድ ላይ ነበርኩ።»