የተዘለለው ፋይል

ሰፈሩ «ሐኪሟ» ይላታል፤ የሞተ ኮምፒውተር ታስነሳለችና። ሙያዋን የጀመረችው ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። እዚያ ፕሮግራሙ ሁሉ የባለቤቱን ምርጫ የሚያኖረው በባለቤቱ ፎልደር ውስጥ፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምር ድብቅ ፋይል ነው፤ ፎልደሩን እንዳለ ገልብጠው ሌላ ማሽን ላይ ሲያሰፍሩት ሁሉም ተከትሎ ይመጣል። ማክም ለየፕሮግራሙ የየራሱን ፋይል ይመድባል። የዊንዶውስ አመል ግን ሌላ ነው። ብዙውን ነገር ሬጂስትሪ በሚሉት አንድ ጎተራ ያጭቀዋል፤ የተጠቃሚው ድርሻ ያለበትን ፋይል ደግሞ ማሽኑ በርቶ ሳለ ቆልፎ ይይዘዋል። ይህን አሳምራ ታውቃለች። ማወቅና ማስታወስ ግን ለየቅል ናቸው።

ታናሽ ወንድሟ ስትሮክ አንደበቱን ከነጠቀው ወዲህ የሚናገረው በኮምፒውተር ነው። በቀረችው አንዲት የምትንቀጠቀጥ ጣት ፊደል ይነካል፣ ፕሮግራሙ ድምፅ አውጥቶ ያነብለታል። የጣቱ መንቀጥቀጥ እንደ አንድ ንክኪ ብቻ እንዲቆጠር፣ ሚስቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ስታስተካክል ስታፈርስ ወራት ፈጅታለች። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር እህት ሆዬ ማሽኑን ሳታጠፋ ፎልደሩን በጥድፊያ ገለበጠች። መሃል ላይ አንድ ፋይል አልገለበጥም አለ። «ዝለለው» የሚለውን ተጫነች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን መፍሰሱን እንኳ አላወቀችም።

አዲሱ ዲስክ ተገጥሞ ፕሮግራሙ ተጫነ። ወንድሟ ጣቱን አሳረፈ።

«ሀ ሀ ሀ ሀ ሀ» አለ ማሽኑ።

ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። ጣቱን ሰብስቦ ወደ ግድግዳው አፈጠጠ። እህቱ የዘለለችው ፋይል አሁን ትዝ አላት።

«ንክኪውን ያስተካከልሽባቸውን ቁጥሮች ታስታውሻቸዋለሽ?» አለቻት ሚስቱን።

«በምን ላስታውስ እትዬ? ፊቱን እያየሁ ነበር የማስተካክለው። ያኔ አቅም ነበረኝ።» በሩን ተደግፋ ቆመች። «እውነቱን ልንገርሽ? ደክሞኛል። እሱን ላስገባው ያሰብኩት መጦሪያ ቤት አልጋውን የሚይዝልን እስከ ነገ ነው። እስከ ዛሬ እምቢ ያለው እሱ ነበር። አሁን በምኑ እምቢ ይበል?»

ሐኪሟ መቆጣት ነበረባት። አልተቆጣችም። የሚስትየዋ ዓይን ጉድጓድ ገብቷል፤ ሳምንቱን ሙሉ አልተኛችም።

«ምናልባት እዚያ ይሻለው ይሆናል» አለች እህቱ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ። ወንድሟ እዚያው ከክንዷ ሥር ተቀምጦ ይሰማል።

ከዚያ ወደ አሮጌው ዲስክ ዞረች። አሁን በሌላ ማሽን ላይ እንደ ተጨማሪ ዲስክ ስለሰካችው የሚቆልፈው የለም፤ ችግሩ ሊሞት እያጣጣረ መሆኑ ነው። የተዘለለውን ፋይል አግኝታ መገልበጥ ጀመረች። ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። ልትነካው ፈራች፣ ልትተወውም ፈራች። ዲስኩ አቃሰተ፣ ቀጭ አለ፣ ቀጠለ። ገልብጦ እንደጨረሰ ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ከፋይሉ ውስጥ የፕሮግራሙን ድርሻ ለይታ አዲሱ ሬጂስትሪ ውስጥ አስገባችና ፕሮግራሙን ከፈተች።

«ሞክረው እስቲ፣ ወንድምዬ።»

ጣቱ ወረደች። አንድ ፊደል፣ አንድ ድምፅ። ሚስቱ ከበሩ ተላቃ መጣች፤ እንባዋ ቀደማት። እህቱም ሳቀች፣ እፎይ ብላ ወንበር ሳበች። እሱ ግን ቀና ሳይል ፊደል በፊደል መልቀም ቀጠለ።

«ሚስቴስ ደክሟታል» አለ ማሽኑ፣ ቁጣም ኀዘንም በማያውቅ ድምፁ። «እታለም፣ አንቺስ?»