ከረዳት ፕሮፌሰርነት ያላለፉት አጎቴ

አጎቴ ከማንም ሰው ጋር ሲተዋወቁ ስሙን ሁለት ጊዜ ያስደግሙት ነበር። «ስም ከተሳሳተ ሰውየውም ይጠፋል» ይሉን ነበር።

በደርግ ዘመን የሕክምና ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ለወባ ምርምር ጋምቤላ ሲሰነብቱ አብሬያቸው ሄጄ ጽሑፋቸውን በታይፕ የምመታላቸው እኔ ነበርኩ። ተባባሪ ፕሮፌሰር የመሆን ተስፋቸው ያ ጥናት ነበር። የበሽተኞቹን ደም በማይክሮስኮፕ የመረመረው የላቦራቶሪ ባለሙያው ኦጁሉ ስለሆነ ስሙን ከራሳቸው ስም አጠገብ አስገቡ። የኦጁሉ ወንድም ግን ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገብቶ ነበር፤ ያኔ ይህ ቤተሰቡን ሁሉ ያስጠረጥር ነበር።

አንድ ጠዋት ካድሬ ላቦራቶሪያችን ድረስ መጣ።

«ጓድ ዶክተር፣ የዚህ ሰው ስም ይውጣ። ያኔ እድገትዎ ይጸድቃል።»

ኦጁሉ ከማይክሮስኮፑ ቀና አላለም።

«ሥራውን የሠራው እሱ ነው» አሉ አጎቴ። «የእሱን ስም ካወጣችሁ የእኔንም አውጡ።»

ካድሬው አንዳች ነገር ጽፎ ወጣ። ለሳምንታት የመኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር እንደነግጥ ነበር። የሚወስዳቸው ሰው አልመጣም፤ እድገቱም አልመጣም። በረዳት ፕሮፌሰርነት ጡረታ ወጡ።

አጎቴ ሲያርፉ ኦጁሉ ለለቅሶ ከጋምቤላ መጥቶ ባዶ ወንበራቸው አጠገብ ተቀመጠ።

«ያን ቀን ‹ስሜን ይሰርዙት› ልላቸው ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር» አለኝ። «እሳቸው ቀደሙኝ።»