በር የሌለው የጭቃ ጣቢያ

ሲይዙኝ እጄ እስከ ክንዴ ጭቃ ነበር። ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ሳያንኳኩ አንደኛ ክፍል ገቡ። አንደኛው በረንዳ ላይ እንዲደርቅ ያወጣነውን፣ በጣውላ ላይ የተሠራውን የጭቃ ከተማ በሁለት እጁ ተሸክሟል። «ይሄን ማነው የሠራው?» አለ። ልጆቹ ጎብኚ የመጣ መስሏቸው ከየወንበራቸው ብድግ ብለው «እኛ! እኛ!» እያሉ እጃቸውን አወጡ። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «ውጣ» አለኝ። እጄን እንድታጠብ እንኳ አልፈቀደልኝም።

የማስተምረው በደባርቅና በዳባት መካከል፣ ዋናው መንገድ በሚያቋርጣት አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ዓመቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ነው፤ ወሩ ኅዳር። የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ አልደረሰንም። የመምህሩ መምሪያ ተማሪዎች አካባቢያቸውን በሞዴል እንዲያሳዩ አድርግ ይላል፤ በምን እንደሚያሳዩ አይልም። ጭቃ ግን ሞልቶልናል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጥቁር አፈር ቆፍረን፣ ጭድ ቀላቅለን፣ በእግራችን እየረገጥን አቦካነው። ለመስኮት ቆርኪ፣ ለአጥር የባሕር ዛፍ ጭራሮ ለቀምን። አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ሳይቀር በዚያ ሳምንት ለፍላፊ ሆነ። አንዱ ቡድን ቤተ ክርስቲያኑን ሠራ፣ አንዱ ወፍጮ ቤቱን፣ አንዱ ገበያውን ከነበጎቹ። አንዲት ልጅ ግን ከማንም ሳትቀላቀል ብቻዋን ፖሊስ ጣቢያውን ያዘች።

ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ከታሰረ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። እናቷ አራስ ስለሆነች ከትምህርት ስትወጣ ስንቅ የምታደርስለት እሷ ናት። ስለዚህ ጣቢያውን ከሁላችንም አብልጣ ታውቀዋለች። ግቢውን፣ የዘበኛውን መጠለያ፣ ከኋላ ያለውን ሽንት ቤት፣ እስረኞቹ የሚያድሩበትን የድሮ የእህል መጋዘን አንድ በአንድ ሠራች። «እዚህ ጋ ዳቦውን ይቆርሱታል» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። መጋዘኑ በር አልነበረውም።

«በሩስ?» አልኳት።

ሥራዋን ሳታቋርጥ «የለውም። አባባ እንዲወጣ» አለችኝ።

የዓመቱ ምርጥ ሥራ ነው ብዬ በረንዳው ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው በኩል አስቀመጥኩት። ኮርቼ ነበር። ማን አይቶ ለማን እንደነገረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መጋዘኑን ከውስጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የሰው ላብ፣ የአይጥና የሻገተ ገብስ። ከቆርቆሮው በር ሥር በምትገባው ብርሃን ዓይኔ እስኪለምድ ቆሜ ቀረሁ። አሥራ ሁለት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከጥግ አንድ ጋቢ የለበሰ ገበሬ ተነሣ። የልጅቷ አባት ነበር፤ በምዝገባ ቀን ልጁን ይዞ ሲመጣ አውቀዋለሁ።

«መምህር! እርስዎ ደሞ ምን አድርገው ነው?»

«ጭቃ አቡክቼ» አልኩት።

ሰዎቹ ሳቁ። እጄን ሲያዩ ግን የምሬን መሆኑ ገባቸውና ሳቁ ቆመ። ገበሬው ጠጋ ብሎ ከአጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ልጅቱስ? ትማርልኛለች?»

«ጎበዝ ናት። ይኩሩባት።»

ስለ ጣቢያው አልነገርኩትም። የሚጨነቅበት ነገር አንሶት አልነበረም። ለሸፈቱ ሰዎች እህል አቀብለሃል ብለው ከያዙት ጀምሮ ፍርድ ቤት የሚባል አላየም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከውጭ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «ለአባባ ነው።» ገበሬው መሬት ላይ ተደፍቶ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት አየ። የሚታየው እግሯ ብቻ ነው። «መጣች» አለ ለሁላችንም። ሳህኑ ሲገባ ዳቦው ለሁለት ተቆርሶ፣ መሐል መሐሉ በእንጨት ተወግቶ ነበር። ከእሷ በቀር የሚያመጣለት ሰው የለውም። የአንዱን እስረኛ ወንድም «ዓይንህ በዛ፣ ግቢውን ታያለህ» ብለው ስንቅ እንዳያቀብል ከከለከሉት ሳምንት አልፏል፤ ያ እስረኛ የሰው እጅ እያየ ነበር የሚውለው።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። መርማሪው በዕድሜ የማንሰው አይመስለኝም፤ ግን ገና ከመግባቴ «አንተ» እያለ ያመናጭቀኝ ጀመር። ከተማችን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት መንገድ ላይ ተሰብሯል፤ ወፍጮ ቤቱ ጭራሽ የለም። ጣቢያው ግን ደህና ነው። እሱን ተጠንቅቀው ነው ያመጡት። በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካካ ጠየቀኝ።

«የዘበኛውን ቦታ ማን ነገረህ?»

«ትምህርት ነው። አካባቢ ሳይንስ።»

«ሽንት ቤቱ ከኋላ እንደሆነ በምን አወቅክ?»

እጄ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፈቀፈቅኩ።

«መጋዘኑስ ለምንድነው በር የሌለው? በዚህ በኩል ግቡ ማለት ነው?»

አሥራ ሦስት ሰው በእህል መጋዘን አጉሮ፣ ሕፃን ልጅ ያመጣችውን ዳቦ በእንጨት እየወጋ፣ ያቺው ልጅ ያየችውን በጭቃ ስትሠራ ምስጢሬ ወጣ ብሎ የሚደነግጥ መንግሥት! ምስጢሩን በየቀኑ አጥሩን ከፍቶ ያሳያት እኮ ራሱ ነው። ይህን ሁሉ በሆዴ እንጂ በአፌ አላልኩትም። በአፌ ብለው ኖሮ ዛሬ ደስ ይለኝ ነበር።

መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «ልጆቹን ጠይቀናል፤ ሁሉም እኛ ነን ይላሉ። ይሄ ግን የአንድ ልጅ እጅ ነው። አሻራውን እየው። ስሙን ጻፍልኝና ነገ ክፍልህ ግባ። እኛ የምንፈልገው ቤተሰቡን ነው።»

እስክሪብቶውን አነሣሁት። ይህን ሳልናገር ባልፍ ዋሽቼያለሁ ማለት ነው። ክፍሌን አሰብኩ፣ ደመወዜን የምትጠብቀውን እናቴን አሰብኩ። ከዚያ ከበሩ ሥር የሚታየው ያ ትንሽ እግር ትዝ አለኝ። መልሼ አስቀመጥኩት።

«የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«በዚህ ጣትህ?»

«ናሙና ነው። የአንደኛ ክፍል መምህር ናሙና አሳምሮ አይሠራም። ካሳመረው ልጆቹ አንችልም ብለው ይተዉታል። እኔ በትንሿ ጣቴ ነው የምሠራው፤ ሆን ብዬ አጣምሜ።»

ይህ እውነት ነው። ስንት ዓመት የሠራሁት እንደዚያ ነው፤ ጣቢያውን አልሠራሁትም እንጂ።

ትክ ብሎ አየኝ። «ነገ ጠዋት እዚሁ ትሠራታለህ» አለ።

በማግስቱ ዘበኛው በሳፋ ጭቃ አመጣልኝ። ጭድ የሌለው፣ የቀጠነ ጭቃ ነው። ከስሜን ተራራ የሚወርደው የኅዳር ብርድ ጣቴን አደንዝዞታል። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጀመርኩ። በትንሿ ጣቴ ጫፍ እየተጫንኩ፣ ግድግዳውን እንደ እሷ ወደ ውጭ አዘንብዬ፣ ጣራውን ከቤቱ አስበልጬ። ልጆች ጣራ ያበዛሉ። አጥሩን ስተክል ደግሞ አንዱን ጭራሮ ዘልዬ ሌላውን ደረብኩበት። ዘበኛው ጠመንጃውን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና «ወይ ጉድ! ልክ እንደኔው ልጅ» አለ። መርማሪው ቀና ሲል ዘበኛው ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

መርማሪው ሁለቱን ጣቢያዎች ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ አያቸው። ልዩነት ፈልጎ ያጣ ይመስለኛል። በመጨረሻ በእስክሪብቶው መጋዘኑን አመለከተኝ።

«በሩን ሥራ።»

«በር የለውም።»

«አሁን ሥራለት።»

ቀላል ነገር ነበር። አንዲት ጠፍጣፋ ጭቃ ለጥፌ መነሣት እችላለሁ። ጭቃውም እጄ ላይ ነው።

«ሰው አለበት» አልኩት። «እኔ አልዘጋበትም።»

በጥፊ መታኝ። ቀጥሎ ሁለቱንም ጣቢያ በቡጢ ደፈጠጣቸው። የእሷ ደርቆ ስለነበር ፍርክስክስ አለ። የእኔ ገና እርጥብ ነበርና እስከ ሸሚዙ እጅጌ ተለጠፈበት። ዘበኛው ውሃ እስኪያመጣለት ድረስ እጁን ከራሱ አርቆ ይዞ ቆመ። ለእኔ ውሃ አልመጣልኝም።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ጉንጬ ይግላል፣ ልቤ ደግሞ ስድስት ሰዓትን ይጠብቃል። የሰሙኝ ቢመስሉም አምነውኝ ልጅቷን ይተዋት አይተዋት አላውቅም። የመኪና ጡሩንባ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። «ለአባባ ነው።» ገበሬው ተደፍቶ አየና «መጣች» አለ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ዳቦውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ዛሬም ጭቃ ነዎት?»

«ሥራ ነበረኝ።»

ምን ሥራ ብሎ አልጠየቀኝም። ከዳቦው ቆርሶ፣ እጄ እንደማይሆን አይቶ፣ በገዛ እጁ አጎረሰኝ። «ይብሉ፤ ተማሪዎ ናት ያመጣችው» አለኝ።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ያለ ክስ ተፈታሁ። ወዲያው ወደ አዲ አርቃይ በኩል፣ ወደ ቆላው አዛወሩኝ። ገበሬውም ከእኔ በኋላ በጥቂት ወር ተፈታ አሉኝ፤ ምን አጥፍቶ እንደነበረ ግን የነገረው የለም። ይቅርታ የጠየቀኝም አንድ ሰው የለም። ያ ሁሉ ሹም፣ ያ ሁሉ ማኅተም፣ አንድ «አጥፍተናል» የሚል ወረቀት መጻፍ አቅቶት!

ከጥፊው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በአዲሱ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ሙሉ ጭቃ አልነካሁም። ሰሌዳ ላይ «ገበያ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጣቢያ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይገለብጣሉ። የከለከለኝ ሰው አልነበረም። ያሰሩኝ ሰዎች የፈለጉትን እኔው ራሴ ሠራሁላቸው። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ጣቢያ ምን እንደሚመስል ስጠይቃት ሰሌዳውን አይታ «ሦስት ፊደል ነው» አለችኝ። በማግስቱ ሳፋ ይዤ መጣሁ።

ዘንድሮም ከልጆቹ ጋር ከተማ ሠራን። ጣቢያውን የያዘችው ልጅ ስትጨርስ መጥታ አሳየችኝ።

«በሩስ?» አልኳት።

«ረሳሁት! ልጨምርበት?» አለችና ጭቃ አድበልብላ ያዘች።

«እንደፈለግሽ።»

ቤቱን አየችው፣ ጭቃውን አየችው፤ ትንሽ አሰበችና ለገበያው አንዲት በግ ሠራችበት። ጣውላውን አንሥቼ በረንዳው ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው በኩል አስቀመጥኩት።