ልጄን ትቶ ጣሊያንን የጠየቀኝ አማካሪ

«እማማ፣ አያትዎ በጣሊያን ጊዜ ምን ደረሰባቸው?» አለኝ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ያገኘሁት የሥነ ልቦና አማካሪ።

እኔ ከቡሬ የሄድኩት ልጄ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።

አንዷ አማካሪ «እኔ የማየው ባልና ሚስት ነው» ብላ ሸኘችኝ። ሌላው የሚያክመው ሱሰኞችን ነው። የዛሬው ደግሞ ሙያው ከአያት የወረደ ሐዘን ነው አሉ።

«ጣሊያን ቤቷን አቃጥሎባት ዱር ገብታ ነበር» አልኩት።

ፊቱ በራ፤ ገጽ ሙሉ ጻፈ። «ሕመምዎ የጀመረው ያኔ ነው።»

«ጌታው፣ ልጄ የሞተው በጥቅምት ነው» አልኩት። ባልሠራው ለተከሰሰው ጣሊያን እንኳ አዘንኩለት።

የልጄን ስም ሳይጠይቅ ቀጠሮ ሰጠኝ። ልጄ አበባው ይባላል፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

እናንተስ፣ የሞተባችሁን ሰው ስም የጠየቃችሁ አማካሪ ገጥሟችኋል? ካለ የት እንደሆነ ጻፉልኝ፤ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ።