እትዬ ኤልቪራና የሙሴ እናት

ልጅ እያለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ወደ ቤታችን ሳይሆን ፊት ለፊታችን ወደሚኖሩት ወደ እትዬ ኤልቪራ ቤት ነበር። ኦሮራ ከተማ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ወረድ ብሎ ያለ አሮጌ አፓርታማ ነው። እማዬ ያኔ ስቴፕልተን በሚባለው ሰፈር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ደብል ሺፍት ስለምትሠራ፣ ሜክሲኳዊቷ ጎረቤታችን ከልጃቸው ከማሪሶል ጋር አሳደጉኝ ማለት ይቻላል። «እትዬ በያቸው» ያለችኝም ራሷ እማዬ ናት። ቤታቸው የበቆሎ ቂጣና የልብስ ሳሙና ይሸት ነበር።

የቤት ሥራችንን ስንጨርስ መጽሐፍ ቅዱስ በስፓኒሽ ያነቡልናል፣ ማሪሶል በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት የማውቀው ሙሴ ባሕር የሚከፍለው ነው። እሳቸው ግን ባሕሩ ጋ አይደርሱም፤ ሕፃኑ ሙሴ ወንዝ ዳር የተደበቀበት የደንገል ሣጥን ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ዝፍቱን በእጇ የለቀለቀችው ማን ናት? ይሉናል። እናትየው ተአምር ቁጭ ብላ አልጠበቀችም፣ ወታደሮቹ ሳይመጡ አስባ ጨርሳለች፣ የንጉሡ ልጅ የት እንደምትታጠብ እንኳ አጥንታለች። ማሪሶል እዚሁ ብትወለድም እሳቸው የመኖሪያ ወረቀት እንደሌላቸው ያወቅኩት በኋላ ነው።

አስር ዓመቴ ላይ ባላቸው ከሥራ ሲመለሱ በኢሚግሬሽን ፖሊስ ተያዙ። እትዬ ኤልቪራ በሳምንቱ እቤታችን መጡ። እሳቸውም ከተያዙ ማሪሶልን እማዬ እንድታሳድጋት የሚል ወረቀት ይዘዋል፤ የቀረው ኖታሪ በሚሉት ውል አጽዳቂ ፊት መፈረም ነው። እማዬ ዜግነት አግኝታ ሲትዝን ከሆነች ገና ዓመቷ ነበር። «የንጉሡ ልጅ አንቺ ነሽ» አሏት በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እንባቸው እየመጣ። እማዬ አቀፈቻቸው። «ማሪሶል ልጄ አይደለች እንዴ? ቅዳሜ ኖታሪ ጋ ሄደን እንፈርማለን» አለች። በእናቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እማዬ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እትዬ ኤልቪራ ስሟን ጠሩ። ቀጥሎ ማሪሶል የኔን ጠራች። መኪናችን እኮ ደጅ ላይ ፓርክ ተደርጋ ትታያለች። እኔም ትንፍሽ አላልኩም፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሲሄዱ እማዬ «ሲትዝንሺፔን ቢነጥቁኝስ? እኔም አንቺን ማሳደግ አለብኝ» አለች። ይነጥቁኝ ይሆን ብላ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀችም። ከዳቻቸው፣ ሌላ ስም የለውም። በወሩ ቶርንተን ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሄዱ፤ ማሪሶል ደህና ሁኚም አላለችኝ። እውነቷን ነው።

ዛሬ እኔም ወልጃለሁ። ያኔ እናቴ የምትለውን ሁሉ አምን ነበር፤ አሁን እወዳታለሁ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ልጄም ያለ አያቷ እንቅልፍ አይወስዳትም። ባለፈው መዋለ ሕፃናት ሳስመዘግባት ፎርም ሰጡኝ፤ እናትየው ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ልጅቷን ማን ይውሰዳት ይላል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ታያለች። የባሌን እህት ስም ጻፍኩ። እማዬ አነበበችው።