የታመቀ አየር በኤረር በር

ከድሬዳዋ የተነሣሁት ማለዳ ነው። ሐረር የሚኖረው ልጄ ኤልያስ የፀሐይ ኃይልን በታመቀ አየር እያጠራቀመ መሆኑን በስልክ ነግሮኝ ነበር። ቀን በሶላር ኮምፕረሰር ያስነሣል፤ አየሩን በብረት ታንከር ያምቃል፤ ሲመሽ አየሩን ለቆ ትንሽ ዲናሞ ያዞራል፤ አምፖል ይበራል። ዓርብ ለጎረቤቶች ሊያሳይ ተዘጋጅቷል። ታንከሩን ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው «ከቁራሌው» አለኝ። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ የተማርኩት ከመጽሐፍና ከሥራዬ ነው። ውስጡ የዛገ ታንከር አየር ሲበዛበት እንደ ቦምብ እንደሚፈነዳ አውቃለሁ። ውሃ በግፊት የሚያስገባውን የእጅ ፓምፔን በጆንያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ያዝኩ።

መንገድ ላይ

ደንገጎን ስንወጣ ጭጋግ ነበር። አወዳይ ላይ ጫት ለሚገዙ ቆምን። ከጎኔ የተቀመጠ ገበሬ ጆንያውን ነካ አድርጎ «ምን ይዘው ነው፣ አባ?» አለኝ።

«ፓምፕ።»

«ውሃ ወደሌለበት ከተማ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ጀጎል

ከፈረስ መጋላ በጠባቡ መንገድ ወደ ኤረር በር ወረድኩ። ኤልያስ የተከራየው በእማማ ሩቂያ ግቢ ነው። ታንከሩ ከግንቡ ሥር ቆሟል፤ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ቀለም ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። የጎረቤት ሕፃናት ተደግፈውት ይጫወቱ ነበር።

«በምን ሞከርከው?» አልኩት።

«በአየር፣ እስከ ግማሽ ግፊት። ያዘ።»

«ለምን በውሃ አልሞከርክም?» በውሃ ሲሞከር ብረቱ ቢሰነጠቅ ያፈስሳል እንጂ አይፈነዳም። ይህን እሱም ያውቃል።

«አባባ፣ የቧንቧ ውሃ ከመጣ ሰነበተ። ከየት ላምጣ?»

ግቢው ውስጥ የነበረው ውሃ የእማማ ሩቂያ በርሜል ብቻ ነው። ለመንኳቸው።

«ወላሂ፣ ሰው ተጠምቶ እርስዎ ለብረት ይለምናሉ?» አሉኝ። ዞር ብለው ሕፃናቱን አዩ። «ይቅዱት። መጀመሪያ ግን እነዚህን ከዚያ ያርቁልኝ።»

ሕፃናቱን ካራቅን በኋላ ኤልያስ ታንከሩን በባልዲ ሞላው። እኔ ፓምፑን ገጥሜ ግፊት ጨመርኩ። የግፊት ጌጁ ቀስት ኤልያስ ለዓርብ ካሰበው ልክ ሳይደርስ፣ ከታችኛው ብየዳ በኩል ቀለሙ አበጠ፤ ከዚያ ብረቱ ተሰንጥቆ ቡናማ ውሃ በድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። እማማ ሩቂያ ባልዲ ደቀኑለት፤ የውሃውን ቀለም አይተው መልሰው ደፉት።

«እርስዎ ባይመጡ ዓርብ ይበራ ነበር» አለኝ ልጄ።

ሐሳቡ መልካም እንደሆነ ልነግረው ይገባ ነበር። መልካም ነውና። ከአፌ የወጣው ግን «ከቁራሌ የተገዛ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው» የሚል ነው። ፈረስ መጋላ ድረስ ብቻዬን ወጣሁ፤ አልሸኘኝም።

ቤት

ድሬዳዋ ስገባ እናቱ በር ላይ ቆማ «ልጄ ደህና ነው?» አለችኝ።

«በሕይወት አለ» አልኳት።

በዚህ ጉዞ የተማርኩት ልጅን ከአደጋ ማዳንና የልጅን ልብ መያዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። እኔ የምችለው አንዱን ብቻ ነው። ነገ ሌላ ታንከር ቢያገኝ ባይጠራኝም እሄዳለሁ፤ በውሃም እፈትነዋለሁ።